ለ10 ዶላር ማህተም ዉድብሪጅ ድረስ ነዳሁ፤ እናንተ ዋጋ እንዴት ነው የምትቆርጡት?

የፓይኳ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ቨርጂኒያ ነኝ፤ አሌክሳንድሪያ። የኖተሪ ኮሚሽኔን (ሰው ሲፈርም አይቼ በማህተም የማረጋግጥበትን የስቴት ፈቃድ) ካወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከፋሲካ ወዲህ የፓርኪንግ ጋራዥ ካሸርነቴን ወደ ሦስት ቀን ቀንሼ፣ የቀረውን ቀን በመኪና እየዞርኩ ኖተራይዝ አደርጋለሁ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ሒሳቡ ነው ያልገባኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ደወሉ። «ልጄ፣ አዲሳባ ላለው ወንድሜ ውክልና ልልክ ነው፤ ማህተም ታደርጋለች ብለውኝ ነው» አሉ። ያሉት ዉድብሪጅ ነው። ዋጋ ሳልናገር «እሺ እማዬ፣ መጣሁ» ብዬ ተነሳሁ። 95 አውራ ጎዳና ላይ ያው የቅዳሜው ጉድ ነው፤ አምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስደርስ ቡናው ቀርቧል፣ ፈንዲሻው ተዘርግፏል፤ መንጃ ፈቃዳቸው ግን የለም። ልጃቸው ቦርሳቸውን መኪናው ውስጥ እንዳለ ይዞ ሥራ ሄዷል። እሱ እስኪመለስ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጣሁ። የእህታቸውን ልጅ ሠርግ ቪዲዮም እስከ መልሱ ድረስ አየሁ።

ፊርማውና ማህተሙ አምስት ደቂቃ አልሞላም። «ስንት ነው የኔ ልጅ?» ሲሉኝ «10 ዶላር» አልኩ። ሃያ ሰጡኝ፤ መልስ አልቀበልም ብለው በፌስታል እንጀራ ጨመሩልኝ፣ መረቁኝ።

ቤት ገብቼ ሳሰላው ደርሶ መልስ 38 ማይል ነድቻለሁ፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ሄዷል። ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብል ይሻለኝ ነበር።

እናንተ የመንገዱን እንዴት ነው የምትጠይቁት? አፌ ላይ ሲደርስ ይዞኝ ይቀራል። ደግሞ ማስታወቂያ የት ብለጥፍ ይሻላል? የሎን ሳይኒንግ (የቤት ብድር ሰነድ የማስፈረም) ኮርስ ውሰጂ የሚሉኝም አሉ፤ ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ያዋጣል?

---

ባለማህተም፣ ፌርፋክስ

እህቴ፣ እንጀራውን ገቢ ላይ መዝግበሽዋል?

10 ዶላር ማለትሽ ስህተት አይደለም። በቨርጂኒያ ሕግ በወረቀት ለሚደረግ አንድ ማረጋገጫ ጣሪያው 10 ዶላር ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ለሚደረገው 25። ከዚያ አንድ ሳንቲም ማለፍ አይቻልም። ስህተትሽ ሳትነጋገሪ መኪና ማስነሳትሽ ነው። ከመደበኛ የሥራ ቦታሽ ወጥተሽ ስትሄጂ የጉዞ ወጪሽን እንድትጠይቂ ሕጉ ይፈቅድልሻል፤ ግን ወጪው የምር የወጣና ተገቢ መሆን አለበት፣ ከፋዩም መስማማት አለበት። ሰው ቤት ቡና ጠጥተሽ ስታበቂ «ለመንገድም አለ» ብትይ ገንዘቡንም አታገኚም፣ ስምሽም ይነሳል።

እኔ 11 ዓመት ስሠራ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንዳንቺ ነበርኩ። አሁን ስልክ ሳነሳ የምላት አንድ ዓረፍተ ነገር አለችኝ፦ «ማህተሙን መንግሥት 10 ዶላር ብሎ ቆርጦታል፤ እርስዎ ጋ ለመምጣት የመንገዱ ይህን ያህል ይሆናል፣ ይስማማዎታል?» ትንሽ ዝም ይላሉ። እኔም ዝም እላለሁ። አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው እዚያች ዝምታ ላይ ነው፤ «ግን ለእርስዎ ልቀንስልዎ» ብሎ ይገባባታል። አትግቢባት። «እሺ» ካሉ ያንኑ በቴክስት እልካለሁ፣ «ተስማምቻለሁ» ብለው ሲመልሱ ቁልፌን አነሳለሁ።

ከዋጋው በፊት ደግሞ የምጠይቀው አለ። መታወቂያው ጊዜው አላለፈም? በእጅዎ ነው ያለው? (አንቺን ሦስት ሲኒ ያስጠጣሽ ይሄ ነው።) ሰነዱ ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው አንድ ነው? ሰነዱ ተሞልቶ አልቋል ወይስ ባዶ ቦታ አለው? ስንት ሰው ነው የሚፈርመው፣ ሁሉም በአካል ይኖራሉ?

የስሙ ነገር እኛ ጋ የተለየ ጣጣ አለው። አገር ቤት የሚሄደው ውክልና የአያት ስም ይፈልጋል፤ እዚህ መንጃ ፈቃዱ ላይ ግን የራስና የአባት ብቻ ነው ያለው። ወይም የአያት ስም መጨረሻ ገብቶ የአባት ስም አንዲት ፊደል ሆኖ ቀርቷል። ይህን ስልክ ላይ ካላጣራሽ ሰውየው ሳሎን ደርሰሽ ነው የምታውቂው። ፓስፖርት ካላቸው «እሱን ያውጡት» እላለሁ፤ ስሙ ሞልቶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

---

የፓይኳ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የመንገዱን ስንት ነው የሚሉት? 40? 50? አንዳንዱ ድረ ገጹ ላይ 75 ብሎ ሲጽፍ አያለሁ።

---

ባለማህተም፣ ፌርፋክስ

ሌላው የሚለውን ተዪው። እኔ ጠያቂ ቢመጣ ወረቀት ላይ ላሳየው የምችለውን ነው የምጠይቀው። የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት ለ2025 የቆረጠው የሥራ ጉዞ ተመን በማይል 70 ሳንቲም ነው። ያንቺ 38 ማይል ሲባዛ 26 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ቶል (የመንገድ ማለፊያ) ከፍለሽ ከሆነ ቶሉ ይጨመራል፤ ሆስፒታል ከሆነ የፓርኪንጉ ይጨመራል።

«ታዲያ ትርፉ የታለ?» ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ መንገዱ ላይ ትርፍ የለም። ትርፉ ያለው አንድ መንገድ ላይ ስንት ሰው አገኘሁ የሚለው ላይና ማህተም ያልሆነው ሥራ ላይ ነው። እኔ ዉድብሪጅ በመደበኛ የምሄደው ማክሰኞና ዓርብ ማታ ነው። «ዛሬውኑ» ለሚል ሙሉውን የመንገድ እነግረዋለሁ፤ «ማክሰኞ ይሁን» ካለ በዚያ ቀን ላሉት ሦስት ሰዎች አካፍላለሁ። ደንበኛውም ቀነሰልኝ ይላል፣ እኔም አልከሰርኩም።

ማህተም ያልሆነው ሥራ ምን መሰለሽ? ማተም፣ ስካን ማድረግ፣ ሰነድ ማድረስ። እዚህ ላይ የስቴቱ ጣሪያ የለም። ውክልና አገር ቤት ሲሄድ በእኔ ማህተም ብቻ እንደማያልቅ ብዙው ሰው አያውቅም። ስንሠራበት የኖርነው መንገድ ሪችመንድ ያለው የኮመንዌልዝ ሴክሬታሪ ቢሮ (የስቴታችን መሥሪያ ቤት ነው) የእኔን ፊርማ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ) በሰነድ 20 ዶላር፣ ከዚያ ኤምባሲ። ይህን መላላክ ለሠራተኛ ሰው ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ነው። እኔ ለመላላኩ ለብቻው ዋጋ አለኝ፣ የቢሮዎቹ ክፍያ ደግሞ በደረሰኝ እንዳለ ያልፋል። አሠራሩ ስለሚቀያየር ግን ገንዘብ ከመቀበሌ በፊት «ኤምባሲው አሁን ምን እንደሚፈልግ ደውለው ያረጋግጡ» እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ትገረሚ ይሆናል። የኤምባሲው ቆንስላ ክፍል ዋሽንግተን እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ውክልናውን ሰውየው ራሱ ሄዶ እዚያ መፈረም ይችላል። ዲሲ ውስጥ ኖሮ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ የእረፍት ቀን ኖሮት የሚደውልልኝን «ወንድሜ፣ እኔን ከምትከፍል ራስህ ሂድ» ነው የምለው። 10 ዶላር ቀረብኝ እንጂ ያ ሰው ሦስት ሰው ይልክልኛል፤ እነዚያ ደግሞ መሄድ የማይችሉት ናቸው።

---

ሰውዬው ከዳላስ

ጋሼ ያሉት የቨርጂኒያውን ነው፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ እንዳትቀዱት። እኛ ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ለመጀመሪያው ፊርማ 10 ዶላር፣ ለሚጨመረው እያንዳንዱ ፊርማ 1 ዶላር ነው፤ ከዚያ በፊት የመጀመሪያው 6 ነበር። ኒውዮርክ ያለ ጓደኛዬ ለወረቀት ማህተም 2 ዶላር ነው የሚያስከፍለው። ሁለት! የሳብዌይ መግቢያ አይሞላም።

እኔ ልናገር የፈለግሁት ግን የማስታወቂያውን ነው። መጀመሪያ ስጀምር በአማርኛ ብቻ ፍላየር አሳተምኩ፣ 300 ቅጂ። ከላይ በትልቁ «ውልና ማስረጃ እዚሁ ዳላስ!» ይላል። ሐበሻ ግሮሰሪዎች ሁሉ ላይ ለጠፍኩ። ስልኩ ጮኸ፣ አልዋሽም። ግን የሚደውለው ግማሹ «የጥገኝነት ፎርም ሙላልኝ»፣ «ፍቺ ጻፍልኝ»፣ «ይሄ ውል ያስኬዳል ወይ?» የሚል ነው። አንድ ቀን ጠበቃ የሆነ ልጅ ፍላየሯን ግሮሰሪ አይቶ ደወለልኝና «ይቺን ነገር ዛሬውኑ አውርዳት» አለኝ።

ለካ እዚህ ስቴት ጠበቃ ያልሆነ ኖተሪ ከእንግሊዝኛ ውጪ በሆነ ቋንቋ ሲያስተዋውቅ፣ ጠበቃ እንዳልሆነ፣ የሕግ ምክር እንደማይሰጥና ለዚያም ገንዘብ እንደማይቀበል በእንግሊዝኛም በዚያው ቋንቋም መጻፍ አለበት። ሕጉ የመጣው በስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ምክንያት ነው። እነሱ አገር «ኖታሪዮ» ማለት ትልቅ የሕግ ሰው ስለሆነ እዚህ ስሙን ይዘው ኢሚግሬሽን እናስጨርሳለን የሚሉ ብዙ ሰው ጎዱ። የወጣው ለእነሱ ቢሆንም አማርኛም «ሌላ ቋንቋ» ነው። ኮሚሽን ሊያስነጥቅ ይችላል። 300ዋን ለቅሜ አወረድኩ፤ ጀርባዋ ላይ ልጄ ሥዕል ሣለበት።

---

ጠይም እንግዳ

«ውልና ማስረጃ» ማለቱ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ሰው የሚያውቀው ስም እሱ አይደል?

---

ሰውዬው ከዳላስ

ጥፋቱ እሱው ነው፤ ሰው ስለሚያውቀው። አገር ቤት ውልና ማስረጃ ስትሄድ ሹሙ ሰነድህን ያነባል። ከሕግ ጋር ይጋጫል ወይ፣ ተዋዋዮቹ ችሎታ አላቸው ወይ፣ ቤት ወይም መኪና ከሆነ ካርታው፣ ሊብሬው በማን ስም ነው ይላል። ቅጂ ያስቀራል። ይህ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 የተጻፈ ግዴታ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ማነህ፣ ወደህ ነው የምትፈርመው፣ እፊቴ ፈረምክ፣ በቃ። ሰነዱ ውስጥ ያለው ውሸት ቢሆን እንኳ የእኔ ማህተም እውነት አያደርገውም። «ውልና ማስረጃ» ብዬ ስጠራው የማልሰጠውን ነገር ነው የሸጥኩለት። አሁን ፍላየሬ ላይ «ኖተሪ ፐብሊክ (ፊርማ ማረጋገጥ)» ነው የሚለው። ደዋዩ በግማሽ ቀነሰ፤ የቀሩት ግን በትክክል የሚፈልጉኝ ናቸው።

---

ማርታ ሳንሆዜ

ካሊፎርኒያም እንደዚያው ነው፤ እንዲያውም እኛ ማስታወቂያው ላይ «ጠበቃ አይደለሁም» ከሚለው ጋር የሕጉን ዋጋም በሁለቱም ቋንቋ መለጠፍ ግዴታ ነው። እኛ ጋ በፊርማ 15 ዶላር ነው። እኔ ይሄን ግዴታ ወድጄዋለሁ። ዋጋው እዚያው ተጽፎ ስላለ «ለእኔ ስንት ታደርጊልኛለሽ?» የሚል ቀረልኝ።

ለጠያቂዋ የሎን ሳይኒንጉን ልመልስ፤ ብዙ አይቻለሁና። 2020 እና 2021 ወርቅ ነበር። ጃንዋሪ 2021 ላይ የ30 ዓመት ሞርጌጅ ወለድ 2.65 በመቶ ደርሶ ስለነበር ያበደ ያላበደው ሁሉ ሪፋይናንስ ያደርጋል፤ የድሮ ብድሩን ዘግቶ በአነስተኛ ወለድ አዲስ ይፈርማል። በቀን ሦስት አራት አስፈርም ነበር። 2022 ኦክቶበር ላይ ወለዱ 7 በመቶን አለፈ፤ ስልኬም ፀጥ አለ። በዚያው ሰሞን «በወር 10 ሺህ ትሠራላችሁ» የሚል ኮርስ ሻጭ በዛ። ልብ ብለሽ እይው፤ ሥራው ሲጠፋ ነው አስተማሪው የሚበዛው።

ሒሳቡን ከነዝርዝሩ ልንገርሽ። አንድ የሳይኒንግ ሰርቪስ (ሥራውን ለኖተሪዎች የሚያከፋፍል ድርጅት) ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቴክስት ላከልኝ፤ ነገ ጠዋት፣ ሞርጋን ሂል፣ 75 ዶላር። ተቀበልኩ። ሰነዱ የመጣው እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነው፤ 140 ገጽ፣ ሁለት ቅጂ። ወረቀቱ ግማሹ ሌተር ግማሹ ረዘም ያለው ሊጋል መጠን ስለሆነ ሁለት ትሪ ያለው ሌዘር ፕሪንተር ከሌለሽ አትሠሪውም። ቀለሙ፣ ወረቀቱ፣ ደርሶ መልሱ፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል፣ መልሶ ስካን፣ ፌዴክስ ማድረስ። ገንዘቡ የመጣው በ63ኛው ቀን ነው፣ ያውም አራት ጊዜ ኢሜይል ጽፌ። ከዚያ በኋላ ለራሴ ወለል አወጣሁ፤ ከ125 በታች አልነሳም። ለሳምንታት ማንም አልጠራኝም፣ ፈርቼም ነበር። ከዚያ አንድ ታይትል ካምፓኒ (የቤት ሽያጭና ብድር የሚያስጨርስ ድርጅት) በቀጥታ መጥራት ጀመረ። አሁን በወር ስድስት ሰባት ብሠራ ነው፤ ግን በሰባቱ የማገኘው ድሮ በአሥራ አምስቱ ከማገኘው አያንስም።

ስለዚህ ኮርሱን አሁኑኑ አትግዢ። የጀርባ ምርመራሽን አድርጊ፣ የስህተት መድን ግዢ፣ መጀመሪያ ውክልናና ቃለ መሐላ ላይ እጅሽን አፍታቺ።

---

የሰፈር ልጅ

እኔ ኖተሪ አይደለሁም፤ እንዲሁ ሳነብ ተናደድኩ። ለአንዲት እናት ለአንድ ማህተም 36 ዶላር! ባንኬ በነፃ ያደርግልኛል። እርስ በርሳችን ካልተረዳዳን ስደቱ ምን ሊሆን ነው? ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም እንዴ?

---

ባለማህተም፣ ፌርፋክስ

ወንድሜ፣ ባንክህ በነፃ ካደረገልህ ሂድ፤ እኔም ሰውን «መጀመሪያ ባንክህን ጠይቅ» ብዬ ነው የምልከው። ግን ባንኩ ቅዳሜ ከሰዓት አይከፍትም፤ በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ሲያይ፣ ውክልና ሲያይ የሚመልስ ቅርንጫፍም ብዙ ነው። ዳያሊሲስ ላይ ያለች ሴት አልጋ ድረስም አይመጣም።

ይሉኝታውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት አክስሮኛል። ለዕድር አባሎቻችን በወር አንድ እሁድ ማህተሙን በነፃ አደርጋለሁ፣ የሚከለክለኝ የለም። ሕጉ ጣሪያ ነው ያወጣው እንጂ ወለል አላወጣም። ልዩነቱ ያን ቀን እኔ መርጬ ሰጠሁ፤ ያቺ እህታችን ግን አልሰጠችም፣ ተወሰደባት።

---

የሰፈር ልጅ

እሺ፣ እሱስ። ግን 60 ሳንቲሟን ተዉላቸው።

---

ሒሳብ ባይ፣ አትላንታ

ታክስ እሠራለሁ፤ ኖተሪ ደንበኞችም አሉኝ። ማህተሙንና መንገዱን ለይታችሁ የምትጽፉበት ሌላም ምክንያት አለ፣ ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ከገቢ ታክሱ ሌላ 15.3 በመቶ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ አለበት። የኖተሪ ማህተም ክፍያ ግን ከዚህ ከ15.3ቱ ነፃ ነው። ገቢ ታክሱ አይቀርም፤ ስኬጁል ሲ (የራስ ሥራ ገቢ የሚሞላበት የታክስ ፎርም) ላይ ይጻፋል። የመንገድ፣ የማተም፣ የማድረስ ክፍያ ግን ነፃ አይደለም። አንድ ደንበኛዬ ዓመቱን ሙሉ «ኖተሪ – 45 ዶላር» እያለ በአንድ መስመር ጽፎ መጣ። ከአርባ አምስቱ ማህተሙ የቱ፣ መንገዱ የቱ? እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። የመዝገብ ደብተሩን ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ስንለቅም ሁለት ምሽት ፈጀ።

ማይሉንም በዚያው ቀን ጻፉት፦ ቀኑን፣ ከየት ወዴት፣ ለምን፣ ስንት ማይል። ማርች ላይ ከጉግል ካርታ እየገመታችሁ አታምጡልኝ።

---

እሙ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አይ የጉድ አገር! ሜሪላንድ ብትሆኚ የመንገዱ ጭቅጭቅ የለም፤ ሕጉ ራሱ ቆርጦታል። ማይሉ በዚያው በፌዴራሉ ተመን፣ ከላዩ ለጉዞው ቢበዛ 5 ዶላር። በቃ። ስለዚህ እኛ ጋ በዋጋ መብለጥ አይቻልም፣ በመገኘት ነው የሚበለጠው።

ማስታወቂያውን የሠራሁበትን ልንገርሽ። ግሮሰሪ ላይ ያለው ቦርድ ምንም አላመጣልኝም፤ የክፍል ኪራይ፣ የሞግዚት፣ የዕቃ ጫኝ ማስታወቂያ እላዬ ላይ ይለጠፋል፣ በሦስተኛው ቀን የለሁም። ቲክቶክ ላይ ሁለት ቪዲዮ ሠራሁ፣ የሚያየኝ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሆነ። የሠራልኝ የጉግል ገጼ ነው። ስሜን በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያውን በሁለቱም፣ ከታች «ጠበቃ አይደለሁም» የሚለውን በሁለቱም አደረግኩት። ሪቪው የምጠይቀው ወረቀቱ እጃቸው ላይ እያለ ነው። ቤት ገብተው «እጽፍልሻለሁ» ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። «በአማርኛ ይጻፉት» እላለሁ፤ ሌላው ሐበሻ ሲፈልግ ዓይኑ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁለተኛው ነርሶች ናቸው። እዚህ አካባቢ የአረጋውያን መጦሪያ ገብተሽ ሐበሻ ነርስ ወይም ረዳት ካላገኘሽ ተሳስተሽ ሌላ ስቴት ገብተሻል። እነሱ ካርድሽን ከያዙ፣ አባትየው ውክልና መፈረም ሲፈልጉ ልጆቹ የሚጠይቁት እነሱን ነው።

ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግን መለጠፍ አይደለም። ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅጄ በወር አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። ባለፈው 9 ሰው መጣ። የመንገድ ክፍያ የለም፣ እነሱም ደስ ይላቸዋል፣ እኔም አንድ ሊትር ቤንዚን አላቃጠልኩም። ዳቦም አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ መታወቂያ ረስቶ መጥቶ «አባ ያውቁኛል እኮ» የሚል አይጠፋም። አባ ቢያውቁትም እኔ መታወቂያውን ነው የማውቀው።

---

የፓይኳ ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ወገኖች፣ ጠፋሁባችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የደወለው ሰው ማናሳስ ነበር። የጋሼን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌው ስለነበር እያየሁ አነበብኩለት። ዝም አለ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። «ለማህተም?» አለና ዘጋው። ሆዴ ተላወሰ። ማታ 2 ሰዓት ላይ መልሶ ደወለ፤ ባንኩ ሰነዱ አማርኛ ስለሆነ መልሶታል። «ስንት ነበር ያልሺኝ?» አለ። ቴክስቱን ላክሁ፣ ተስማማ፣ ሄድኩ። በ20 ደቂቃ ጨርሼ ወጣሁ፤ መታወቂያው ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀኝ። ሰነዱን ያገር ቤት ዘመድ ስለጻፈላቸው ቀኑ 2017 ዓ.ም ይላል፤ እኔ የራሴ ማረጋገጫ ላይ የዕለቱን በፈረንጅ ጻፍኩ። ልክ ነኝ አይደል?

ሁለተኛው ከበደኝ። አንድ ልጅ አባቱ ሆስፒታል ናቸው ብሎ ጠራኝ። የመንገዱንና የፓርኪንጉን ተስማማን፤ «ሄጄ መፈረም ካልቻሉም የመንገዱ ይከፈላል» የሚለውንም ጽፌ ነበር። ስገባ አባትየው ዓይናቸውን ገልጠዋል። «አባባ፣ ይሄ ወረቀት ምንድን ነው?» አልኳቸው። «የመብራት» አሉኝ። እንደገና ቆየት ብዬ ጠየቅኳቸው። «አንቺ የአስቴር ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ልጃቸው እስክሪብቶውን እጃቸው ውስጥ ሊያደርግ ሲል «ወንድሜ፣ አልችልም» አልኩ። ተቆጣኝ። ኮሪደር ላይ ወጥቶ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። የመንገዱን ልተውለት ነበር፣ እሱ ራሱ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላከልኝ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ረጅም ጊዜ ሳልነዳ ቆየሁ። ማህተሙን አላደረግሁምና አሥር ዶላሩን አልወሰድኩም።

---

ማርታ ሳንሆዜ

ደግ አደረግሽ። መዝገብሽ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጠየቅሻቸውንና የመለሱልሽን ጻፊ። እኛ ጋ መዝገብ መያዝ ግዴታ ነው፣ ለውክልና ደግሞ የአውራ ጣት አሻራም እንወስዳለን። አንቺ ጋ ባያስገድድም ያዢው። እምቢ ያልሽውንም ጭምር።

---

ባለማህተም፣ ፌርፋክስ

ቀኑን ልክ ነሽ። ማረጋገጫው ያንቺ ነው፣ በእንግሊዝኛና እፊትሽ በፈረሙበት ዕለት። የሰነዱን ቀን ግን እንዳትነኪው፤ የእነሱ ነው።

ለመሆኑ የዉድብሪጇ እናት ምን ደረሱ?

---

የፓይኳ ልጅ

ሳልነግራችሁ! ትናንት ደወሉ። ውክልናው ላይ የወንድማቸው የአያት ስም ተሳስቷል ተብሎ እንደገና ሊፈርሙ ነው። «እማዬ፣ ማህተሙ 10፣ የመንገዱ 26 ከ60፤ ማክሰኞ ማታ ካደረግነው ግን ሌላም ሰው ስላለኝ የመንገዱ 13 ከ30 ይሆናል» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ዝም አልኩ።

«ሳንቲሟ ምንድን ናት?» አሉ።

«ቤንዚን ናት እማዬ።»

«በይ ማክሰኞ ነይ። መታወቂያዬን አሁን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ቡና ግን ጠጥተሽ ነው የምትሄጂው።»

---

እሙ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እና ስንት ሲኒ ተስማማችሁ?

---

የፓይኳ ልጅ

አቦል ብቻ። በቴክስት ልኬላቸዋለሁ።